ባዩሽ ኑስ እና የመጀመሪያው ዓመት

ባዩሽ ሥራ ቦታ የምትተኛው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን በሩን ከውስጥ ትቆልፋለች፣ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ፎጣ አንጥፋ ሴራሚኩ ላይ በጀርባዋ ትጋደማለች። ማዳም ከውጭ የውሃውን ድምፅ ስትሰማ ገንዳው እየተፈተገ ይመስላታል። ሃያ ደቂቃ ተኝታ ትነሣና ገንዳውን በአምስት ደቂቃ አባብሳ ትወጣለች። ይህን የነገረችኝ አብረን መኖር ከጀመርን በሦስተኛው ዓመት ነው። ሳቄ አልቆም አለኝ። "አንቺ ሰነፍ፣ ውሃውስ አያሳዝንሽም?" አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

እኔ ፋናዬ ነኝ። እዚህ ዐረብ አገር፣ ኸይጣን በሚባል ሰፈር፣ አንድ የሴቶች ሳሎን ውስጥ ፀጉር እሠራለሁ። ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል፣ አልክድም፤ ያየሁትን ሳልናገር መዋል አይሆንልኝም። ከባዩሽ ጋር እዚያው ኸይጣን አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተጋርተን ሰባት ዓመት ኖረናል፤ "ባዩሽ ኑስ" የሚለውን ስም ያወጣሁላትም እኔው ነኝ። ኑስ በዚህ አገር ዐረብኛ ግማሽ ማለት ነው። ሌላዋ በፓርት ታይም በሳምንት ስድስት ቤት ስታጸዳ ባዩሽ የምትይዘው ሦስት ቤት ነበር፣ ያውም ግማሽ ግማሽ ቀን። ልብስ የምትተኩሰው ተቀምጣ ነው። ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ትቆምና ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ የሚያልፍ ሰው ቁልፍ የጠፋባት እንዲመስለው። ሠርግ ስትጠራ ትመጣለች፣ እስክስታው ሲጀመር ጫማዋን ትፈልጋለች። ስሙ በአንድ ወር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችንን አዳረሰ፤ እሷም በዚያ ስም ሲጠሯት "አቤት" ትል ነበር።

ሕመሙ የጀመራት ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ ሰው ቤት እያደረች ስትሠራ ነው። በብርዱ ወራት የቤቱ ሰው ሁሉ በጉንፋን ወደቀ። እሷ ሰባት ሰው አስታመመችና መጨረሻ ላይ ራሷ ታመመች። የእነሱ በሳምንቱ ለቀቃቸው። የእሷ ትኩሳቱ ሄደና ድካሙ ቀረ። እንቅልፍ ተኝታ ትነሣለች፣ ግን ያልተኛች ያህል ናት። ብርድ ልብስ አጥባ ካሰጣች ማግስቱን ሰውነቷ በዱላ እንደተቀጠቀጠ ሆኖ ይውላል። ለማዳም እንዳትናገር ወደ መክተቡ፣ ማለት ወዳመጣት ኤጀንሲ፣ ትመልሰኛለች ብላ ፈራች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት በፓናዶል ቆማ ሠራችው። ባዩሽ በሕይወቷ የምትቆጭበት አንድ ነገር ቢኖር ያ ዓመት ነበር። "ያኔ ጥቂት ወራት ተኝቼ ቢሆን ኖሮ…" ትላለች፣ ከዚያ አትጨርሰውም። ያልጨረሰችው አዝና ይሁን ረስታው አላውቅም፤ በኋለኞቹ ዓመታት ቃል ይጠፋባት ጀምሮ ነበር። ማንኪያ ለማለት "ያ… የሾርባው" ትላለች፤ ስልኳን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ቤቱን ስታምስ ትውላለች።

እኛ ነገሩ ዕድሜ ነው ብለን ነበር የተውነው። ዕድሜዋም ራሱ ሁለት ነው። እናቷ በቆጠሩት አርባ ሰባት፣ በቢጣቃዋ፣ ማለት በመታወቂያዋ ላይ፣ ሃምሳ ሁለት። በልጅነቷ ስትመጣ ደላላው አምስት ዓመት ጨምሮ ነው ፓስፖርት ያስወጣላት። "ሂጂና ደላላሽን ክሰሺ፣ ያደከመሽ የሱ አምስት ዓመት ነው" እላት ነበር። ጸበል አስመጣሁላት፣ ዝንጅብል በማር አፈላሁላት፣ ስፖርት ሥሪ ብዬ በየጠዋቱ ባሕር ዳር ልጎትታት ሞከርኩ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትለኛለች። "ያንቺ እንቁላል ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ገምቷል" አልኳት አንድ ቀን። አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ሶሊያና ወደ እኛ ክፍል የመጣችው ባለፈው ሁዳዴ መግቢያ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፤ ሳልዋ በሚባል ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት እያደረች ትሠራ ነበር። ባዩሽ በየማክሰኞው ለመስኮትና ለምንጣፍ እዚያ ቤት ትሄዳለች። አንድ ማክሰኞ ልጅቷን ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ስታለቅስ አገኘቻት። ባዩሽ የሽንኩርቱ መስሏት ልትቀልድባት ጠጋ አለች። ልጅቷ የምታለቅሰው ግን ክንዷን ማንሣት አቅቷት ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ በታኅሣሥ፣ ያን ቤት ሁሉ ጉንፋን መትቶት ነበር። "ራሴን አየሁት፣ ፋናዬ" አለችኝ። "ገና ሁለት ወሯ ነው። አሁን ከተኛች ልትተርፍ ትችላለች።"

ማዳምን ሄዳ ለመነቻት። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ትዕግሥቷ ግን ልክ አለው። "እስከ ፋሲካችሁ ትረፍ። ከዚያ ድና ትመለስ፣ ካልሆነ ትኬቷን ቆርጬ አገሯ እልካታለሁ" አለችና በገዛ መኪናዋ አምጥታ ሕንጻችን በር ላይ አወረደቻት። ሶሊያና አባት የላትም፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን የምታስተምረው እሷ ናት። ሥራው ከቀረ እነሱም ከትምህርት ይቀራሉ። ስለዚህ የጾሙን ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ክፍላችን ውስጥ የነበረው ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ ይቺ ልጅ ከዚህ ሕመም እንዴት ትውጣ።

ባዩሽ መልሱን የምታውቅ ይመስላት ነበር። ልጅቷን በግድግዳው በኩል አስተኛቻት፤ ብርሃን እንዳያገኛት በአንሶላ ጋረደቻት። "ድካሙ ሲመጣ አይደለም የምትተኚው፣ ከመምጣቱ በፊት ነው" ትላታለች። ጥርሷን ተቀምጣ እንድትቦርሽ፣ ስልክ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳታወራ፣ ቢሻላት እንኳን የተሻላትን ሁሉ አውጥታ እንዳትጨርሰው አስተማረቻት። አንድ ቀን ደግሞ ለእኔ "ፀጉሯን አሳጥሪላት፣ እሱን ማጠብ ራሱ ያደክማታል" አለችኝ። የልጅቷ ፀጉር ወገቧ ድረስ ነው። ተቆጣሁ። "የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ፀጉር የሚቆረጠው ለለቅሶ ነው፤ ማን ሞተ?" ብዬ መቀሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ተሻላት። እስከ በቃላው፣ ታች እስካለው ሱቅ ድረስ፣ ወርዳ ዳቦ ይዛ ተመለሰች። እኔ በደስታ ልሞት፣ ባዩሽ ግን ፊቷ ጠቆረ። "ወጥመዱ ይኼ ነው" አለች። "እኔንም እንዲህ ሲያደርገኝ ነው ምንጣፍ የተሸከምኩት።"

"አንቺ ዕድሜሽ ገፋ፣ እሷ ልጅ ናት" አልኳት። "የልጅ ገላ ከብረት ይጠነክራል። ስንፍናሽን አታስተምሪያት።"

የማኅበሩ ሴቶችም ከእኔ ጋር ነበሩ። ባዩሽ ኑስ ልጅቷን ግማሽ ልታደርጋት ነው ተባለ። ሶሊያና በሁለታችን መሀል ሆና አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። ባዩሽ ቀኑን ሙሉ ዐይኗን ጨፍና ተኝታ ውዳሴ ማርያሟን በልቧ ስትደግም መዋል ትችላለች፤ ነፍሷ ለምዶታል። ልጅቷ ግን ተኝታ በዋለች ቁጥር ታለቅሳለች። እኩዮቿ በስልክ የሠርግ ፎቶ ይልኩላታል፣ እናቷ ደውለው "ዛሬስ ተነሣሽ?" ይሏታል። እውነት ለመናገር ገላዋ ከባዩሽ ይሻል ነበር፣ ልቧ ግን አልቆ ነበር። ተኚ የሚላትን ሳይሆን ተነሺ የሚላትን መስማት ፈለገች፤ ያም ሰው እኔ ነበርኩ።

ስቅለት ሁልጊዜ ዓርብ ነው፣ ዓርብ ደግሞ እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ነው። ሌላውን በዓል ሁሉ በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆነን ነው የምናሳልፈው፤ ስቅለትን ግን ብዙዎቻችን እናገኘዋለን። ከሳልዋም ከፊንጣስም የተፈቀደላት ሁሉ ነጠላዋን ይዛ ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ትወርዳለች። ሶሊያናን ይዣት እንደምሄድ ለባዩሽ ነገርኳት። እሷ ኃሙስ ዕለት ቤት አጽድታ ስለነበር ዓርብን ከአልጋ መውረድ አልቻለችም። "ተቀምጣ ንባቡን ትስማ፣ ስግደቱን ግን እንዳትሰግድ" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ውሸቴን ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ማዳም ትደውላለች፣ እኔም ይህ ድካም የዓይነ ጥላ ነው፣ በስግደት ይለቃታል ብዬ በልቤ ጨርሻለሁ።

ቀሲስ እስራኤል ስግደቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "የታመማችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ተቀመጡ። እግዚአብሔር ከታመመ ሰው ስግደት አይጠይቅም" አሉ። ሦስት አራት ሴቶች ወደ ግድግዳው ሄደው ተቀመጡ። ሶሊያና ዞራ አየችኝ። ቅንድቤን ወደ ምንጣፉ ጣል አደረግሁ፤ ስገጂ ማለቴ ነበር፣ ገባት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ጎንበስ አለች።

ኪርያላይሶን እያልን በአራቱ ማዕዘን መቶ መቶ ሰገድን። እኔ ራሴ ሁለተኛው መቶ ላይ ትንሽ አረፍኩ። እሷ አላቋረጠችም። በኋላ ከአገር ቤት በሻንጣ በመጣው የወይራ ቅጠል እየተጠበጠብን ተጨማሪ ስግደት ስንቀበል እሷም ተሰልፋ ተቀበለች፣ እሱንም ሰገደች። ስንወጣ ላቧ ነጠላዋን አርሶታል፣ ፊቷ ግን በርቷል። "እትዬ ፋናዬ፣ ቀለለኝ" አለችኝ። እንባዬ መጣ። አውቶቡስ ውስጥ ለማላውቃቸው ሴቶች ሳይቀር አወራሁላቸው፤ አንዷ እልል አለች።

ቤት ስንደርስ ባዩሽ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ስንት ሰገደች?"

"አራት መቶ፣ ከነጭማሪው" አልኳት በኩራት።

ባዩሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ነገ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "ከነገ ወዲያ ነው።"

ሟርተኛ አልኳት። ቅዳሜ ሶሊያና ደኅና ዋለች፣ ጉሮሮዬን ትንሽ ከረከረኝ ከማለት በቀር። ቄጤማ ስላጣን ከጀምዒያው፣ ማለት ከኅብረት ሱቁ፣ የገዛነውን የባሮ ሽንኩርት ቅጠል ሰንጥቀን ራሳችን ላይ አሰርን፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተትን ብለን ስንስቅ ነበር። ከባዩሽም ጋር በዓይኔ ተጣላሁ፣ አየሽ እያልኳት።

እሑድ ጠዋት ለመፈሰክ ትሪው ቀረበ። ሶሊያና እጇን ወደ ትሪው ልትልክ ሞክራ መንገድ ላይ ጣለችው። ፊቷ የሰው ፊት አልነበረም። ባዩሽ አጉርሻት ብላ እኔን አዘዘችኝ፤ ልጅቷ ግን ማኘክ አልቻለችም። ብርሃኑ ዐይኔን ወጋኝ አለች፣ የሳህን ድምፅ ጭንቅላቴን መታኝ አለች፣ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋም ጠፋ። አንሥተን አስተኛናት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሽንቷን እንኳን የምትሸናው በባልዲ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ የለቀመችው ግን ሌላ ሴት ናት። መቀሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ያን ፀጉር በገዛ እጄ ቆረጥኩት።

ማዳም ሰኞ ዕለት ደወለች። እንደማትመለስ ስትሰማ ለሳምንቱ መጨረሻ ትኬት እቆርጣለሁ አለች። ባዩሽ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። በዐረብኛ እንዲህ ረጅም ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ልጅቷን በዚህ ሁኔታ አውሮፕላን ላይ ብታወጪያት ከእንግዲህ አትነሣም አለቻት። ሦስት ወር ትተኛ፤ ሦስቱን ወር የእሷን ሥራ እኔ እሠራለሁ፣ ሙሉ ቀን፣ ደመወዙ እንደነበረው ለልጅቷ ቤተሰብ ይሂድ አለቻት። ማዳም፣ "አንቺ እኮ ግማሽ ቀን ነው የምትሠሪው" አለች። ባዩሽ "እችላለሁ" አለቻት።

እኔ ልሂድ አልኳት። ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ግን በሳሎኑ ስም ነው፣ ሳሎኑን ከተውኩ ወረቀት አልባ እሆናለሁ። ባዩሽም ይህንኑ አለችኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። ከልቤ ብጠይቃት ኖሮ መንገድ ይገኝ እንደነበር ዛሬም አስባለሁ፣ እፎይ ማለቴንም አልረሳሁም።

ከዚያ ማግስት ጀምሮ ባዩሽ በማለዳ አውቶቡስ ሳልዋ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ሌሎቹን ቤቶች ተወቻቸው። በጋው ገባ። የጣሪያው ጋን ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ ቆዳ የሚልጥበት፣ አቧራው በመስኮት ጠርዝ የሚገባበት ጊዜ ነው። ባዩሽ ደረጃው ላይ ቁልፍ የምትፈልግ መምሰሉን ትታ በየፎቁ በግልጽ መቀመጥ ጀመረች። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። ቤት ስትገባ ጫማዋን እኔ ነኝ የማወልቅላት። እኔ በበኩሌ ሳሎን ከመግባቴ በፊት ልጅቷን አጥባለሁ፣ ሾርባ በማንኪያ እሰጣታለሁ፣ ባልዲውን እደፋለሁ። መቼም ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው፤ እኔን መከራው መከረኝ፣ ከሌላ ሰው ገላ ላይ ሆኖ።

ምሽት ላይ ሁለቱ በየአልጋቸው ተኝተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያወራሉ። አንድ ቀን ሶሊያና "እትዬ ባዩሽ፣ ከዚህ ብሞት አይሻልም?" አለቻት። እኔ ደንግጬ ልቆጣ ስል ባዩሽ ቀደመችኝ። "በአንቺ ዕድሜ እኔም እንዲህ እል ነበር፣ ያኔ ደኅና ሆኜ" አለች። "ሞት አይቸኩልም፣ አንቺም አትቸኩዪ። ዛሬ ምን አደረግሽ?" ልጅቷ "ማንኪያውን ራሴ ያዝኩት" አለች። "ነገም እሱኑ ብቻ አድርጊ" አለቻት ባዩሽ። በሁለተኛው ወር ሶሊያና ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። በሦስተኛው ግድግዳ ይዛ እስከ መታጠቢያ ቤት ደረሰች። ባዩሽ ያን ዕለት ፈገግ አለች፣ ግን ተነሥታ አላቀፈቻትም፤ መነሣት አልቻለችም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሶሊያና አገሯ ገባች። ማዳም ቃሏን ጠብቃ ትኬቱን ገዛች፣ ከአየር መንገዱም ተሽከርካሪ ወንበር አዘዘችላት። እስክትገባ ድረስ የገፋኋት እኔ ነኝ። ስንለያይ "እትዬ ባዩሽን አደራ" አለችኝ። ባዩሽ አልመጣችም፤ ሳልዋ ለመጪዋ ሠራተኛ ቤቱን ማስረከብ አለብኝ ብላ ቀርታ ነበር። ቤት ስመለስ ከነልብሷ አልጋ ላይ አገኘኋት።

እንደ ወትሮዋ ሦስት ቀን ተኝታ ትነሣለች ብዬ ጠበቅሁ። ሳምንት ሆነ። ወር ሆነ። መስቀል አለፈ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ግድግዳውን በሁለት እጇ ይዛ ትሄዳለች፣ ከዚያ በላይ የለም። ንግግሯ አለቀ፤ በቀን ጥቂት ዐረፍተ ነገር ትናገራለች፣ ከዚያ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በጥቅምት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቶቻችን ውብሸትና ዳዊት በወንበር ተሸክመው አወረዱልኝና ቀድሞ ፋይሏ ወዳለበት አንድ ክሊኒክ በታክሲ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ ግብፃዊ ነው። ሁለት ነገር ጠየቀኝ፣ ዕድሜዋን እና የሕመሙን ዘመን። ትክክለኛውን ነገርኩት፣ ዐሥራ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች አልኩት። የሦስቱን ወር ሥራም አልደበቅሁም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ይህ ሕመም የያዘው ሰው ልጅ ከሆነና ገና መጀመሪያው ላይ ካረፈ የመመለስ ዕድል አለው" አለኝ። "ሁሉም አይመለስም፣ ግን ዕድሉ አለ። በዕድሜ የገፋ፣ ብዙ ዓመት የተሸከመ ሰው ግን ከልኩ ካለፈ ያጣውን መልሶ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ልጆቹ እዚህ ወንበር ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። እንደሷ ያሉት አያለቅሱም፣ ገላቸው ግን አይመለስላቸውም።" ፋይሉን ገልብጦ ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝ። "ከአራት ዓመት በፊት ነግሬአታለሁ። ሙሉ ቀን እንዳትሠራ፣ ከሠራች እንደምትወድቅ። እስከ አሁን በደንብ ጠብቃዋለች።"

ታክሲ ውስጥ ራሷ ትከሻዬ ላይ ነበር። "ታውቂ ነበር?" አልኳት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። "ታዲያ ለምን?" አልኳት። ኸይጣን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ራሷን ከትከሻዬ ቀና አደረገች።

"እሷ እኮ ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው" አለችኝ።

ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል እናቴ ስትሞትም አላለቀስኩም። በእኔ ቅንድብ የተጀመረ ነገር ነው። ቀሲስ እስራኤል ጋ ሄጄ ተናዝዣለሁ፤ የሰጡኝን ቀኖና እፈጽማለሁ፣ ግን ልቤ አልቀለለም። ባዩሽን አገሯ ልላካት እንዳልል እናቷ አርፈዋል፣ ለበረራው የሚበቃውን ሰዓትም ተቀምጣ አትችለውም። ስለዚህ እዚሁ ናት። ጠዋት አጥባታለሁ፣ ማታ አገላብጣታለሁ። ኑስ ብሎ የሚጠራት ሰው ቢመጣ በሩን እዘጋበታለሁ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሶሊያና ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ሰው ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ተቀምጣ አስቀድሳ ተመልሳለች። በማግስቱ አልወደቀችም፤ በሦስተኛውም ቀን አልወደቀችም። ውሃ አንደኛው ወንድሟ ይቀዳል፣ እሷ ምንም አትሸከምም። ግን አንድ ሱቅ ሰው እየፈለገ ነው፣ ልገባ ይሆን እያለች ታስባለች። ይህን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ፣ "እትዬ ባዩሽስ? ድምፅዋን አሰሚኝ" አለችኝ።

ወደ አልጋው ዞርኩ። ባዩሽ ዐይኗን ገልጣለች፣ ሁሉንም ሰምታለች። ስልኩን በመዳፌ ሸፍኜ ጎንበስ አልኩላት።

"እየሠራች ነው በያት" አለችኝ።

ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ ይህን ግን መዋሸት ከበደኝ። ልጅቷ እውነቱን ማወቅ አለባት፣ በማን ጉልበት እንደቆመች ማወቅ አለባት አልኳት። ባዩሽ እጄን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ ምንም ኃይል የላቸውም።

"ካወቀች ለእኔ ገንዘብ ልትልክ ብላ ሥራ ትገባለች" አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። "ገና ዓመቷ አልሞላም።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። "ሳልዋ ናት" አልኩ። "ሥራ ላይ ናት፣ ደኅና ናት። ሱቁን ተዪው፣ ዓመትሽ ሳይሞላ እንዳትነሺ ብላሻለች።" ሶሊያና ሳቀች። ሳቋ የጤነኛ ሰው ሳቅ ነው። ሰላም በይልኝ ብላ ዘጋች።

ታኅሣሥ ሩቅ አይደለም። "ዓመቷ ሲሞላስ ምን እላታለሁ?" ብዬ ጠየቅኋት። የባዩሽ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ። ለዚያ ቀን የነበራት ጉልበት ለሦስት ዐረፍተ ነገር የሚበቃ ነበር፣ ሦስቱንም ተናግራ ጨርሳለች።